ማራገቢያ ከመጨመር ለነፋስ መንገድ መክፈት ይቅደም



በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን ብዙ ከተወራባቸው ነገሮች አንዱ የኮምፒውተር ክፍላችን ጉዳይ እንደ ሆነ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ከቀትር በኋላ ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ ኮምፒውተሮቹ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ይጀምራሉ፤ ጥቂት ቆይተውም ሥራቸው እየዘገየ ይሄዳል፤ አንዳንዶቹም ጭራሽ ይጠፋሉ። በጠፋው ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረው ተማሪ ያላስቀመጠውን ሥራ ሁሉ አጥቶ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ስለዚህም ከተማሪዎች ወገን «ለየኮምፒውተሩ ተጨማሪ ማራገቢያ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ወላጆች ገንዘብ እንዲያዋጡ ሊጠየቁ መሆኑን ሰምተናል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም። እኔ ግን በበኩሌ መዋጮው ከመሰብሰቡ በፊት ልንነጋገርበት የሚገባ ነገር አለ ብዬ ስለማምን ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ።

የምደግፈው ሐሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚቀዘቅዘው ነፋሱ የሚገባበት በርና የሚወጣበት በር ተለይቶ ሲታወቅለት ነው። መንገዱ ከተበጀ ሁለት ወይም ሦስት ማራገቢያ ይበቃል፤ መንገዱ ካልተበጀ ግን ስድስትም ቢደረደር ገንዘብ ማባከንና ጆሮ ማደንቆር ብቻ ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ከመግዛታችን በፊት ነገሩን እንመርምረው።

በመጀመሪያ የሙቀቱን ምንጭ እንመልከት። ኮምፒውተር ከግድግዳ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም መጨረሻው ሙቀት ነው። በቀድሞው ጊዜ ይህ ሙቀት ጥቂት ስለ ነበረ ብዙ አያሳስብም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓ.ም. የወጣው አፕል 2 የተባለው ኮምፒውተር ከነጭራሹ ማራገቢያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. አይቢኤም ያወጣው የግል ኮምፒውተርም ማራገቢያው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው አንዱ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ፕሮሰሰሩ ብቻውን እንደ ዓይነቱ ከ65 ዋት ጀምሮ ከ200 ዋት በላይ ሊያሞቅ ይችላል፤ ለጨዋታና ለፊልም ሥራ የሚሆን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 300 ዋትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ይህም አልበቃ ሲለው ኮምፒውተሩ ይጠፋል። እንግዲህ ከቀትር በኋላ የሚዘገየውና የሚጠፋው ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ አርጅቶ ወይም ተበላሽቶ ሳይሆን ሙቀት አፍኖት ነው ማለት ነው።

ይህን የመታፈን ነገር እናቶቻችን ከማንኛውም መሐንዲስ አስቀድመው ያውቁታል። ማድ ቤቱ በጢስ ሲሞላ፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ሳለ የሰሌን ማርገብገቢያ ይዛ የምታርገበግብ ሴት ጢሱን እዚያው ታዞረዋለች እንጂ አታስወጣውም። በሩንና ከበሩ ትይዩ ያለውን መስኮት የከፈተች እንደ ሆነ ግን ጢሱ መንገዱን ያገኛል፤ ማርገብገቢያውም ያን ጊዜ ሥራ ይሠራል። የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ ማለትም ኬዝ የምንለው፣ ትንሽ ማድ ቤት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ምድጃዎቹ ናቸው፤ በፊት ለፊት ያለው ቀዳዳ በሩ፣ በኋላና በላይ ያለው ቀዳዳ ደግሞ መስኮቱ ነው።

በብዙ ኮምፒውተሮች ዘንድ የተለመደውና የሚሻለው አቀማመጥም ከዚሁ የመጣ ነው። ቀዝቃዛው አየር በሣጥኑ ፊት ይገባል፤ ግራፊክስ ካርድ ካለ በእርሱ ላይ ያልፋል፤ ቀጥሎም ወደ ፕሮሰሰሩ ይደርሳል፤ ከሞቀ በኋላም ከፕሮሰሰሩ ጀርባ ባለው የኋላ ማራገቢያ፣ ካስፈለገም በላይኛው ክዳን የኋላ ክፍል ባለው ማራገቢያ ይወጣል። በላይኛው ክዳን ላይ ወደ ፊት ጠርዝ የተጠጋ ማስወጫ መግጠም ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው፤ በፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ገና ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ ነጥቆ ያወጣዋልና። «ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ማራገቢያውን የትም ብናደርገው በላይ በኩል ይወጣል» የሚሉም አሉ። ሙቅ አየር ቀሎ ወደ ላይ መውጣቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ያ ጉልበት ከማራገቢያ ግፊት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ነፋሱ የሚሄደው ማራገቢያው ወደ ገፋው ነው።

ማራገቢያው ወዴት እንደሚነፍስ ማወቅም ቀላል ነው። ሞተሩን ደግፈው የያዙት ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች ባሉበት ጎን በኩል ነፋሱ ይወጣል፤ ምላጮቹ ሳይጋረዱ በሚታዩበት ጎን በኩል ይገባል። በአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይም ቀስት ተስሎባቸዋል። ይህም ካልበቃ አንድ ቀጭን ወረቀት በክር አስሮ ማስጠጋት ነው፤ ወረቀቱ ወደ ሣጥኑ ከተሳበ ማስገቢያ፣ ከሣጥኑ ከተገፋ ማስወጫ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትምህርት ከአምስተኛ ክፍል አይበልጥም።

ነገሩ ቀላል ቢሆንም ሲሳትበት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። አክስቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የምትሠራባት ትንሽ ሱቅ አላት። ዓምና በበጋ ኮምፒውተሯ በደንበኛ ፊት እየጠፋ ስላስቸገራት ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰደችው። በዚያም «ማራገቢያ አንሶት ነው» ተብሎ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበሩ ሦስት ማራገቢያዎች ተገጠሙለት። ሱቁ እንደ ሠርግ ቤት ደመቀ፤ ኮምፒውተሩ ግን በሁለተኛው ቀን እንደ ልማዱ ጠፋ። ደውላልኝም «ልጄ፣ ገንዘቤን የከፈልሁት ለመብራት ነው እንዴ?» አለችኝ። ሄጄ ክዳኑን ስከፍተው የፊቱም፣ የኋላውም፣ የላዩም ማራገቢያ ሦስቱም ወደ ውስጥ የሚነፍሱ ሆነው ተገኙ። ሦስት ሰዎች በአንድ ጠባብ በር ሁሉም ልግባ ሲሉ እንደሚጋፉ፣ አየሩም በሣጥኑ ውስጥ እርስ በርሱ ይጋፋ ነበር። የኋላውንና የላዩን ገልብጬ ወደ ውጭ እንዲነፍሱ አደረግኋቸው፤ የፊቱንም ቀዳዳ ከደፈነው አቧራ አጸዳሁት። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገኝ አንድ ካቻቢቴና አንድ የቀለም ብሩሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በደንበኛ ፊት አላሳፈራትም።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የፊዚክስ መምህራችን ይህን ክፍል እንደሚወዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ኪሎ ግራም አየር ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ከፍ እንዲል ወደ 1,000 ጁል ገደማ ይፈልጋል። 200 ዋት የሚያሞቅ ኮምፒውተር አለን እንበል፤ ይህም በየሰኮንዱ 200 ጁል ማለት ነው። የሚወጣው አየር ከሚገባው አየር በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ ከፈለግን በየሰኮንዱ 20 ግራም አየር በሣጥኑ ውስጥ ማለፍ አለበት። በባሕር ጠለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 1.2 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 20 ግራም አየር 17 ሊትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ እዚህ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው ወደ 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ያንኑ ሙቀት ለማውጣት 22 ሊትር ያህል ያስፈልገናል። ስለዚህ ከፍታችን ከእያንዳንዱ ማራገቢያ ጥቅም ሩብ ያህሉን ይወስድብናል ማለት ነው፤ ደግነቱ የከተማችን አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለዚህ ጉድለት ካሣ ይሆነናል። ማራገቢያ ምንም ቢበረታ ኮምፒውተሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልምና፣ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ የሚኖሩ ወንድሞቻችን ይህን ካሣ አያገኙም።

እንግዲህ አንድ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ምንም ሳይከለክለው በደቂቃ 1,200 ጊዜ ያህል ሲዞር በሰኮንድ ከ20 እስከ 30 ሊትር አየር ያንቀሳቅሳል። በሣጥን ውስጥ ወንፊቱና ሽቦው ስለሚያግዱት ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ቢሆንም አንድ ወይም ሁለት ማስገቢያና አንድ ማስወጫ ለ200 ዋት የሚበቁ መሆናቸውን ከሒሳቡ እንረዳለን። በትምህርት ቤታችን ያሉት ኮምፒውተሮች ለጽሕፈትና ለፕሮግራም ትምህርት የሚያገለግሉ ስለ ሆኑ ብዙውን ጊዜ 100 ዋት እንኳ አይሞሉም። ታዲያ አራትና አምስት ማራገቢያ የምንጨምርላቸው ምን እንዲያደርጉላቸው ነው?

ማራገቢያ መግዛት ግድ ከሆነም ትልቁን መርጦ በዝግታ ማዞር ይሻላል። የባለ 120 ሚሊ ሜትሩ ስፋት ከባለ 80 ሚሊ ሜትሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ያህል አየር ቀስ ብሎ እየዞረ ያንቀሳቅሳል። የማንኛውም ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ የሚያንቀሳቅሰው አየር በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል፤ ድምፁም ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በአንጻሩ በአንድ ማራገቢያ ላይ ያንኑ የሚመስል ሌላ ብንጨምር ድምፁ በ3 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ይላል። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ማራገቢያዎች በዝግታ ሲዞሩ፣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ እየጮኸች ከምትሠራው የበለጠ ይሠራሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሆናል። አራት ሽቦ ያለውን ማራገቢያ የመረጠ ሰው ደግሞ ማዘርቦርዱ ራሱ እንደ ሙቀቱ መጠን ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርግለታል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጠላታችን አቧራ ነው። በሣጥኑ ውስጥ የሚያስወጡት ማራገቢያዎች ከሚያስገቡት ከበረቱ፣ ሣጥኑ የጎደለበትን አየር በየስንጥቁና በየቀዳዳው ይስባል፤ ከአየሩም ጋር አቧራውን ይስባል። የሚያስገቡት በጥቂቱ የበረቱ እንደ ሆነ ግን አየሩ በየስንጥቁ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አቧራም ሊገባ የሚችለው ወንፊት ባለበት በር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማስገቢያውን ትንሽ ማብለጥና በፊቱ ወንፊት ማድረግ ብልህነት ነው። ነገር ግን ያልተጠረገ ወንፊት ከተዘጋ በር አይለይምና በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩን ወለል ላይ ከማስቀመጥ በጠረጴዛ ላይ ማድረግም አቧራውን ይቀንሳል።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ ጓደኞች እንዳሉኝ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም የሚናቅ አይደለም። አንዱ «የጎን ክዳኑን አውልቀን ብንተወውስ? ያን ጊዜ ይቀዘቅዛል» ይላል። እውነት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ክዳኑ ሲወልቅ ሙቀቱ በብዙ ከቀነሰ፣ ይህ የሚነግረን የፊቱ በር የታፈነ መሆኑን ነው። በሽታውን ካወቅን በኋላ በሩን መክፈትና ክዳኑን መመለስ ይገባናል፤ ክዳኑን አውልቆ መኖር አቧራን በራሱ ቤት እንደ ማስተናገድ ነው። ሌላው ደግሞ «ፊልም የሚያቀናብርና ትልልቅ ጨዋታ የሚጫወት ሰው በሁለት ማራገቢያ አይበቃውም» ይላል። በዚህ እስማማለሁ፤ 500 ዋት የሚያሞቅ ኮምፒውተር ተጨማሪ ማራገቢያ ያሻዋል። ሆኖም ፊቱ በመስታወት የተደፈነ ሣጥን ገዝቶ ከመስታወቱ ጀርባ ሦስት ባለ መብራት ማራገቢያ የሚደረድር ሰው የገዛው ጌጥ ነው። ነፋስ በመስታወት ውስጥ አያልፍም። ጌጥ መውደድ ነውር ባይሆንም በማቀዝቀዣ ስም ከወላጆች ኪስ ሊከፈልበት አይገባም።

የመንገዱን ጉዳይ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ሲጨነቁበት የኖሩት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ዓ.ም. ኤቲኤክስ የተባለውን የማዘርቦርድና የሣጥን ደንብ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ነፋሱ ከፊት ገብቶ በቀጥታ በፕሮሰሰሩ ላይ አልፎ ወደ ኋላ እንዲወጣ አድርጎ ቢቲኤክስ የተባለ አዲስ ደንብ አቀረበ። ገበያው ስላልተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ለመተው ተገደደ፤ ቀጥተኛ መንገድ የማበጀቱ ሐሳብ ግን ትክክል ስለ ነበረ ዛሬ በየሣጥኑ ፊት የምናየው ወንፊትና ማራገቢያ ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

አሁን ወደ ራሳችን ክፍል እንመለስ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከነፋስ ጋር ያለን ጠብ የቆየ ነው። በታክሲ ውስጥ ሰው በሙቀት ተጨናንቆ ሳለ አንዱ መስኮት ሲከፍት «ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የማይል የለም። ይህንኑ ፍርሃታችንን ለኮምፒውተሮቹ አውርሰናቸዋል። የክፍላችን መስኮቶች ከጥዋት እስከ ማታ ዝግ ናቸው። ሣጥኖቹ በጠረጴዛው ሥር በተሠሩ ጠባብ ቁም ሣጥኖች ውስጥ ተሰግስገው፣ ጀርባቸው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ የተነፈሱትን ትኩስ አየር መልሰው ይስባሉ። በአንዳንዶቹም ላይ ከአቧራ እንዲጠብቃቸው ተብሎ በበጎ ሐሳብ የተሰፋው የጨርቅ ልብስ እየሠሩም አይወልቅላቸውም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አዲስ ማራገቢያ ቢገጠም ያንኑ ትኩስ አየር በበለጠ ፍጥነት ከማዞር በቀር ምን ያደርጋል?

ባለፈው የትምህርት ዘመን አጋማሽ የኮምፒውተር ክበባችን አባላት ከመምህራችን ፈቃድ ተቀብለን ሁለቱን ኮምፒውተሮች ከቁም ሣጥናቸው አውጥተን በጠረጴዛ ላይ አደረግናቸው፤ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር አራቅናቸው። ከኤሌክትሪክ ነቅለን፣ ምላጮቹ እንዳይሽከረከሩ በጣት ይዘን፣ በደረቅ ብሩሽ አቧራቸውን ጠረግን። አንዳች ነገር አልገዛንም። እነዚያ ሁለቱ እስከ ዘመኑ መጨረሻ ከቀትር በኋላ ሳይጠፉ ሠርተዋል፤ የቀሩት ግን እንደ ልማዳቸው ይጠፉ ነበር። ይህን የተጠራጠረ ሰው ክበባችን ድረስ መጥቶ ሊያያቸው ይችላል።

ስለዚህ ለመምህሮቻችንና ለወላጆቻችን የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ከቁም ሣጥን ወጥተው ከግድግዳ ይራቁ፤ መስኮቶቹም በትምህርት ሰዓት ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ በየወሩ መጨረሻ ክበባችን በመምህር ተቆጣጣሪነት አቧራ እንዲጠርግ ይፈቀድለት። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ማራገቢያ አቅጣጫ ይመርመር፤ የተበላሸው ብቻ ይለወጥ። አራተኛ፣ ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ አሁንም የሚጠፋ ኮምፒውተር ከተገኘ ያን ጊዜ ለእርሱ ማራገቢያ ይገዛ። ከመዋጮው የሚተርፈው ገንዘብ ለተጨማሪ ኮምፒውተር ቢውል ዛሬ ሦስት ሆነው በአንድ ወንበር የሚጋፉት ታናናሾቻችን ይጠቀማሉ።

እኛ በዚህ ዓመት መጨረሻ ከዚህ ትምህርት ቤት ተሰናብተን ልንሄድ ነው። ወላጆቻችን ለትምህርታችን የሚያወጡት እያንዳንዱ ብር በስንት ላብ እንደሚገኝ የምናውቅ ልጆች ነን። ስለዚህ መዋጮው ከመጠየቁ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ገብተው፣ እጃቸውን በሣጥኑ ፊትና ኋላ አድርገው ነፋሱ በየት እንደሚገባና በየት እንደሚወጣ እንዲመለከቱልን በትሕትና እለምናለሁ።